ከመስቀል አደባባይ እስከ ላንጋኖ፦ በፍጥነት መንገዱ መኪና የሌለው ሰው መቼ ይሄድበታል?

የካዛንቺስ ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ስታዲየም አካባቢ ነው የምሠራው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ወደ ሐይቅ እንወርዳለን። ዘንድሮ ላንጋኖ አድረን ሐዋሳን አይተን እንመለስ ተባብለን አንድ ኮስተር በኮንትራት ተነጋገርን። ዋጋ ከጨረስን በኋላ ባለመኪናው «በፍጥነት መንገዱ ከሄድን የመንገዱን ክፍያ እናንተ ትችላላችሁ፣ በአሮጌው ከሆነ ምንም አልጨምርም» አለን። ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ደብረ ዘይት ቁርስ በልተን፣ ቆቃ ላይ ዓሣ ገዝተን፣ እየተጫወትን እንሂድ ይላል። እኔ በፍጥነት መንገዱ ባይ ነኝ። ልጆች ይዘን ነው የምንሄደው፤ ከሲኖትራክ ጋር ፊት ለፊት እየተፋጠጡ መቅደም የሚባለውን ነገር አልወደውም።

እሱን በድምፅ ብልጫ እንጨርሰዋለን። ወደዚህ ያመጣኝ ሌላ ነው። እናቴ የምትኖረው መቂ ነው። እኔን ለማየት የምትመጣው በመናኸሪያ መኪና ነው፣ የምትመጣውም በአሮጌው መንገድ ነው። መኪና ያላቸው ዘመዶቻችን ቁርሳቸውን አዲስ አበባ በልተው ለምሳ መቂ ሲደርሱ፣ እሷ ሞጆ ላይ ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ትጠብቃለች። የፍጥነት መንገዱ የተሠራው በአገር ስም በተወሰደ ብድር ነው። የአገር ብድር ደግሞ ሽንኩርት ሸጣ ግብር የምትከፍለውም ሴት ዕዳ ነው። ታዲያ የሕዝብ ማመላለሻው ለምን በዚያ አይሄድም? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሹፌር ዘቃሊቲ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

እህቴ ጥያቄሽ የኔንም ሆድ የሚበላ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ደቡብ የምሠራ ሹፌር ነኝ፤ ልንገርሽ።

የአዳማ ቀጥታ መኪኖች ብዙዎቹ በፍጥነት መንገዱ ነው የሚሄዱት። ተሳፋሪው ቃሊቲ ተሳፍሮ አዳማ ነው የሚወርደው። መሃል ላይ የሚወርድ የለም፣ የሚጫንም የለም፤ ስለዚህ ቶሎ ደርሶ ቶሎ መመለስ ለባለመኪናው ምልልስ ይጨምርለታል፣ ክፍያውም ይካካሳል። የመቂ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ስነሳ ሞልቼ ብነሳም ሁለት ሰው ዱከም ይወርዳል፣ ሦስቱ ደብረ ዘይት፣ አንዷ እናት ከነዶሮዋ ሞጆ። በአሮጌው መንገድ ከሆንኩ በየከተማው ሌላ ሰው እተካለሁ። ፍጥነት መንገዱ ውስጥ ከገባሁ ግን መቆም ክልክል ነው፣ መጫንም ማውረድም አይቻልም። ባዶ ወንበር ይዤ ናፍጣ አቃጥላለሁ፣ ስወጣ ደግሞ የመንገዱን እከፍላለሁ። ታሪፉ ተቆርጦ የሚሰጠን ነው፤ የመንገዱን ከራሴ ተነስቼ ተሳፋሪው ላይ ልጨምር ብል እቀጣለሁ።

ሹፌሩ መንገዱን ጠልቶት አይደለም። እኔ ብጠየቅ ሁልጊዜ በእሱ ብሄድ ደስ ይለኛል። ከአሮጌው መንገድ ወጥቼ እዚያ ስገባ ትከሻዬ ሲፈታ ይታወቀኛል። አህያ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ድንገት ከሱቅ በረንዳ የሚወጣ ሕፃን የለ።

ከመርካቶ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡40

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። የክፍያ መንገድ የሚሠራው የተጠቀመው እንዲከፍልበት ነው። እኔ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት አስጭኜ ሃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ አስገባለሁ። ክፍያውን የምከፍለው ስለሚያዋጣኝ ነው። በአሮጌው መንገድ ከየጉድጓዱና ከየፍጥነት መቀነሻው ጋር ሲንገጫገጭ የመጣ ቲማቲም ከሳጥኑ ሥር ያለው ግማሹ ውሃ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በአዲሱ የመጣው ደርቆ፣ ቆሞ ይሸጣል። ያተረፍኩትን አውቄ ከፈልኩ። ለአውቶቡሱ ክፍያው ይነሳለት ከተባለ ጥገናውን ማን ይችላል? መንገዱ በአሥር ዓመት ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል።

የመንገድ መሐንዲስ | ሰኞ፣ ከሰዓት 7፡15

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው ያለው፣ እሱን ላስረዳ።

የአዲስ–አዳማው መንገድ ሥራው በ2002 ዓ.ም. ተጀምሮ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ለትራፊክ ተከፈተ። ርዝመቱ 84.7 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 31 ሜትር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መስመር፣ በድምሩ ስድስት። ወጪው 612 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 57 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ ቀሪው ከመንግሥት ነው። የሞጆ–ሐዋሳው ደግሞ 202 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተከፈለውም በአራት ነው። ከሞጆ እስከ መቂ ያለው 56 ኪሎ ሜትር በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ያለው 37 በኮሪያ፣ ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ ያለው 57 በዓለም ባንክ፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ ያለው በቻይና ኤግዚም ባንክ ገንዘብ። ስለዚህ «በአገር ስም የተወሰደ ብድር» ያልሽው እውነት ነው። እናትሽ ባለዕዳ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ይህ ዓይነት መንገድ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከአስፋልቱ ጥራት ብቻ አይደለም። መግቢያና መውጫው የተቆጠረ በመሆኑ ነው። ስትገቢ ካርድ ትወስጃለሽ፣ ስትወጪ በመኪናው ዓይነትና በተጓዝሽበት ርቀት ልክ ትከፍያለሽ። በሁለቱ አቅጣጫ መካከል አካፋይ አለ፣ ዳርና ዳሩ ታጥሯል፣ ሌላ መንገድ ቢያቋርጠው ከላይ ወይም ከሥር ነው እንጂ በዚያው አስፋልት ላይ አያቋርጠውም። ለቀላል መኪና ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሆነውም ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ መሃል አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያውርድ ማለት ሰው እንዲሞት መፍቀድ ነው። ሹፌሩ ወንድሜ ልክ ነው።

መፍትሔው መውጫው ላይ ነው ያለው። ክፍያ መቀበያውን አልፎ ወዲያው፣ ከፍጥነት መንገዱ ውጪ፣ አውቶቡስ ገብቶ ተሳፋሪ አውርዶና ጭኖ ተመልሶ የሚገባበት ትንሽ መናኸሪያ ቢኖር፣ ከከተማው እስከዚያ ደግሞ ባጃጅ ቢመላለስ፣ የመቂውም የሞጆውም ሰው ይጠቀማል። መሬቱ ብዙ አይፈልግም። በንድፉ ጊዜ ቢታሰብ ኖሮ ርካሽ ነበር፤ ዛሬም ግን ከማሳለጫው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነገር ነው። ከመርካቶ ላልከው፦ ክፍያው ይነሳ አላለችም። ታሪፉ ውስጥ ይግባ ብንል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አንድ አውቶቡስ የሚከፍለው ለስንት ሰው እንደሚካፈል አስበው።

ጋሼ አራዳ | ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ልጆቼ፣ እኔ ከፒያሳ ነኝ፤ ዕድሜዬም ለገሃር ባቡር ጣቢያው ሲጨናነቅ ያየሁበት ነው። በእኛ ጊዜ ምጽዋ ወርዶ ባሕር ያየ ሰው በሰፈር ይወራለት ነበር። አብዛኛው ግን በባቡር ነበር ደብረ ዘይትም፣ ሞጆም፣ ናዝሬትም የሚወርደው። ሦስተኛ ማዕረግ ነበር። ደኻው ከሀብታሙ ጋር በአንድ ባቡር፣ በአንድ ሰዓት ይደርስ ነበር፤ የሚለየው ወንበሩ ነበር። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም የጣቢያው ሰው ዕንቁላሉን፣ ሸንኮራውን፣ ዘይቱኑን ይዞ ይመጣል፤ ከተማው ከባቡሩ ይበላ ነበር።

የዚች ልጅ ጥያቄ ለእኔ ይህ ነው። ባለመኪናው በአንድ መንገድ፣ መኪና የሌለው በሌላ መንገድ ሲሄድ፣ የአሮጌው መንገድ ጉድጓድ የሚያስጨንቀው ባለሥልጣንም ነጋዴም አይኖርም። ሁሉም አዲሱ ላይ ስለሆነ አያየውማ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ | ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡35

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በትክክል እሱን ነው ልል የፈለግሁት። እናቴ ክረምት ላይ ስትመጣ ከሞጆ ወዲህ ያለውን የምታወራው ስለ ጉድጓዱ ነው።

መሐንዲስ፣ መውጫው ላይ ስላለው መናኸሪያ ያልከውን በደንብ ልያዘው። እሱን የሚወስነው ማነው? ክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው ወይስ መንገዶች አስተዳደር?

የአድአ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 1፡10

ከከተማ ሆናችሁ ስለ ተሳፋሪ ታወራላችሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ዛሬ የምኖረው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ያደግሁት ግን መንገዱ ከሚያልፍበት ዳር ነው። የአድአን መሬት ታውቁት እንደሆነ፣ ማኛ ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ ነው። ያ መንገድ ያለፈው በዚያ ላይ ነው። ስድስት መስመር ማለት በእርሻ ሲታይ ምን ያህል ማሳ እንደሆነ በመኪና የሚያልፈው ሰው አይታየውም።

ያኔ የነበረው የካሣ ሕግ አዋጅ 455/1997 ነው። መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። አማካይ ነው፤ የጤፍ ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ የአምስት ዓመት አማካይ ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ከሦስቱ ዓመታት የበለጠውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገው። ይሻላል። ግን ለቀደመው መንገድ የለቀቁት ሰዎች በቀደመው ነው የተስተናገዱት።

ሌላው መሻገሪያው ነው። አጥር አለ። በሬውን ይዞ ከቤቱ ወደ ማሳው የሚሻገር ሰው በሥር ያለው መተላለፊያ ጋ እስኪደርስ ብዙ ይዞራል፣ ክረምት ደግሞ ውሃ ይተኛበታል። አንዳንዱ አጥሩን ቀዶ ይሻገራል፤ በ120 የሚመጣ መኪና ሰውም ከብትም አይምርም። አጥር የሚቀድ ሰው ለመንደሩ ነውር አይደለም፤ ለመንገዱ ሠሪ ግን ጥያቄ ነው። ሐዋሳ ለመዝናናት በምትሄዱበት ቀን በአጥሩ በኩል የቆመ ሰው ካያችሁ፣ ቆሞ የሚያያችሁ ሳይሆን መሻገሪያ የሚፈልግ ነው።

ሹፌር ዘቃሊቲ | ሰኞ፣ ማታ 1፡45

የአድአ ልጅ፣ እውነትህን ነው። ሌሊት ላይ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። እባካችሁ ፍጥነት ገደቡ 120 ነው ማለት 120 ሂዱ ማለት አይደለም። ጎማችሁ ያረጀ ከሆነ፣ ሙቀቱም ከሞጆ ወዲያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስትገቡ ይጨምራልና፣ ሲፈነዳ መኪናውን መያዝ አትችሉም። ከተበላሸባችሁም በዳር መስመሩ ላይ ቁሙ፣ ሦስት ማዕዘን አድርጉ፣ ሰዎቹን አውርዳችሁ ከብረት መከላከያው ወዲያ አቁሙ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መካኒክ መጠበቅ የለም።

ዝዋይ ዳር | ሰኞ፣ ማታ 2፡30

ስለ ውሃው አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ጠብቄ ነበር። የምሠራው በውሃ ሥራ ነው፣ ልጅነቴ ባቱ ነው፣ እኛ ግን ዝዋይ ነው የምንለው።

መንገድ ሰው ያመጣል፣ ሰው ሆቴልና እርሻ ያመጣል፣ ሁለቱም ውሃ ይጠጣሉ። የዝዋዩ ደምበል ሐይቅ ሰፊ ይምሰላችሁ እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይሞላል፣ ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይልካል። አብያታ ደግሞ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ቡልቡላ ሲቀንስ እሱ ይሸሻል። ሸሽቶም አይተነዋል። ለዚህ ከላይ ያለው የመስኖ ውሃም፣ ከአብያታ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ የነበረውም ድርሻ አላቸው። ፍላሚንጎ ለማየት የምትወርዱ ሰዎች የምታዩት ዳርቻ የድሮው ዳርቻ አይደለም።

ለምን ይህን አነሳሁ? ከፍጥነት መንገዱ የሚገኘው ጥቅም ሁሉ በቶሎ መድረስ እየተባለ ስለሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቅዳሜና እሁድን ላንጋኖ ማሳለፍ ሲቀለው ዳርቻው በሎጅ አጥር ይያዛል። ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን አይታችኋል፤ በከተማው ሐይቆች ዳር እንደ ልብ ተቀምጦ ውሃ ማየት ለነዋሪው እንደ ድሮው አይደለም። ሐዋሳ እስካሁን ዳርቻው ላይ ሰው በነፃ ይሄዳል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝቶ ይበላል። እዚያ ያለው እንዲቀጥል ከመንገዱ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት፤ ከመንገዱ በኋላ ከሆነ ቦታው ተሸጦ ይገኛል።

ከመርካቶ | ሰኞ፣ ማታ 3፡00

ዝዋይ ዳር፣ ይሄንን ሳነብ ዝም አልኩ። የምጭነው ሽንኩርት በዚያው ውሃ የሚለማ ነው። መስኖው ባይኖር መቂ ላይ ማንም አይጭንም። ግን የምትለው ይገባኛል፤ ገበሬው በሞተር እየሳበ የሚያጠጣው ቦዩን ሞልቶ ነው፣ ግማሹ በመንገድ ይቀራል። በጠብታ መስኖ ያለማ ሰው መቂ ላይ አይቻለሁ፣ ምርቱም ያማረ ነው። ዋጋው ነው የሚከብደው።

ስለ አውቶቡሱ መሐንዲሱ ያለውን ተቀብያለሁ። ታሪፍ ውስጥ ከገባ እኔም እደግፋለሁ። ከመቂ የምቀጥራቸው ጫኝና አውራጆች በዚያ ቢመጡ ለእኔም ይጠቅመኛል።

ሳሪስ 58 | ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን። ዓርብ ማታ ከሥራ በኋላ የወጣ ሰው ሳሪስን፣ ቃሊቲን አልፎ ክፍያ መግቢያው ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከዚያ አዳማ ለመድረስ ከሚፈጀው ይበልጣል። ለፈጣኑ ክፍል ገንዘብ እንከፍላለን፣ ለዘገምተኛው ክፍል ሕይወታችንን። ለከተማው መውጫ የተለየ የአውቶቡስ መስመር ካልተሰጠ የእናትሽ አውቶቡስ ፍጥነት መንገዱን ቢጠቀምም ቃሊቲ ላይ ይታሰራል። ኮስተራችሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳ፣ ምክሬ ነው።

የመንገድ መሐንዲስ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

የካዛንቺስ ልጅ፣ ለጥያቄሽ። መንገድ የሚያሠራው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ክፍያ የሚሰበስበውና መንገዱን የሚያስተዳድረው የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። የአገር አቋራጭ ተሳፋሪ ታሪፍ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። መውጫው አጠገብ ያለው መሬት የከተማው አስተዳደር ነው። አራቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ መናኸሪያው አይሠራም፤ እስካሁን ማንም ያልጀመረው አራት በር ማንኳኳት ስለሚጠይቅ ይመስለኛል።

ሳሪስ 58 ያልከው ላይ፣ እኔም ከቤቴ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሳስብ እናደዳለሁ። የፍጥነት መንገድ ጥቅም የሚለካው ከክፍያ በር እስከ ክፍያ በር ሳይሆን ከቤት እስከ ቤት ነው።

የካዛንቺስ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 6፡40

ቢሮ ድምፅ ሰጥተን በፍጥነት መንገዱ እንሄዳለን ተብሏል፤ ክፍያውን ለሁላችን አካፍለነዋል፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ስንመለስ ግን መቂ ወርደን በአሮጌው እንመጣለን፤ ቆቃ ዓሣ ሻጮቹን አንዝለላቸው የሚል ሐሳብ ከዛው ከተቃዋሚዎቹ መጥቶ ሁላችንም ደገፍነው።

ከዚያ ሌላ አንድ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ለሚኒስቴሩና ለኢንተርፕራይዙ፣ ግልባጭ ለመንገዶች አስተዳደርና ለመቂ ከተማ። የምጠይቀው ይህ ነው፦ ከቃሊቲ ተነስተው መቂና ባቱ ብቻ የሚያወርዱ አውቶቡሶች በፍጥነት መንገዱ እንዲመደቡ፣ ክፍያው በታሪፉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ እንዲካተት፣ መቂ መውጫ ላይ ማውረጃ እንዲሠራ፣ አሮጌው መንገድም ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና ድርሻ እንዲያገኝ። የአድአ ልጅ ስለ መሻገሪያው ያልከውንም መጨመር እፈልጋለሁ፣ የውሃ መተኛቱን የት የት እንደሆነ ብትጽፍልኝ። ዝዋይ ዳር፣ የውሃው ራሱን የቻለ ማመልከቻ የሚፈልግ ይመስለኛል፤ አንተ ብትጽፈው እኔ አብሬ እፈርማለሁ።

የአድአ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 12፡55

እጽፋለሁ። ቅዳሜ አገር ቤት ስለምወርድ በየመተላለፊያው እየሄድኩ አያለሁ፣ ፎቶም አነሳለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም እንዲፈርሙበት እጠይቃቸዋለሁ፤ ከከተማ ሰው ብቻ የመጣ ከሆነ ክብደት አይኖረውም።

ሹፌር ዘቃሊቲ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ከመናኸሪያ ሹፌሮች ፊርማ እኔ እሰበስባለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሪ፦ ማውረጃው ላይ ጥላና ሽንት ቤት ይኑር፣ መብራትም። ማታ ደርሶ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሴትም ሕፃን የያዘም ነው፣ ጨለማ ውስጥ አውርጄ አልሄድም። ወረቀቱ ሲያልቅ ቃሊቲ የደቡብ መኪኖች ተራ ጋ አምጪው፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት እዚያ ነኝ።